ደምሴን በጆሮ ነው ያየነው
«የሬዲዮ ኳስ አስተላላፊው የደምሴ ዳምጤ ዝና የድምፁ ጉልበት ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም፤ ጉልበት ያለው ድምፅ ሞልቶ ነበር። በ1980 የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች የእግር ኳስ ዋንጫ) ፍጻሜ ቀን ትኬት አጥቼ ከስታዲየሙ በር ተመልሼ፣ ለገሃር አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሜ በሬዲዮ ነው የተከታተልኩት። ሬዲዮ ላይ ኳሷ በየት በኩል እንዳለች፣ ማን እግር ሥር እንደገባች ካልተነገረህ ጨዋታው ይጠፋብሃል። እሱ ግን ሜዳውን ፊትህ ይዘረጋልሃል። «አሁንም እንደሱ ያሉ አሉ» የሚሉም አሉ፤ የዛሬዎቹ ግን ምስሉን ለሚያይ ሰው ነው የሚያወሩት፤ ሥራው ለየቅል ነው። ያ ፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 አልቆ መለያ ምቱ ሲጀመር ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። 5 ለ 4 ስናሸንፍ የስታዲየሙ ጩኸት በአንድ ጆሯችን ከሬዲዮው፣ በሌላው ከመንገዱ ማዶ ገባ። የማላውቃቸው አዛውንት አቅፈውኝ አለቀሱ።