ከረን ላይ የቀረው አያት

ጥቅምት ሲያልቅ የለንደን ሰው ደረቱ ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ይሰካል። በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ነው። ሥራ ቦታ አንድ ጥምጣም የማይለየው የሕንድ ዘር ሲክ ባልደረባ አለኝ፣ ትልቅ ሰው። ባለፈው በሻይ ሰዓት አበባውን ጃኬቱ ላይ እያስተካከለ «አያቴ ከጣልያን ጋር ሲዋጋ ከረን ላይ ነው የቀረው። እናንተ ስለነሱ ምን ተማራችሁ?» አለኝ።

ምን ልበለው? ሚያዝያ 27ን እያከበርን ነው ያደግነው። አርበኞቻችንን እናውቃለን። «እንግሊዝ ረዳን» ሲባልም ሰምተናል። ያ «እንግሊዝ» የምንለው ጦር ውስጥ ግን 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ነበሩ። በፈረንጆቹ 1941 ከረንን ሲሰብሩ ስንቱ እዚያ ቀረ! 5ኛው እስከ አምባላጌ ዘልቋል። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ አልሰማሁም።

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። የባሰ የከነከነኝ የሕንዶቹ መሪዎች ነገር ነው። በኋላ የነፃይቱ ሕንድ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኔህሩ በ1936 የባለቤቱን አመድ ይዞ ከአውሮፓ ሲመለስ ሮም ላይ ሙሶሊኒ ሊያገኘው ፈለገ። እምቢ አለ። በእኛ ምክንያት! ያኔ ጣልያን በመርዝ ጋዝ እየፈጀን ነበር።

ይኸው ኔህሩ ነው እንግሊዝ በ1939 ሕንድን ሳታማክር ጦርነቱ ውስጥ ስትከታት አንተባበርም ያለው። ፋሺዝምን ይጠላል፤ ግን ነፃነት የተነፈገ ሕዝብ እንዴት ለሌላው ነፃነት ይዋጋል ነው ነገሩ። በየክፍለ ሀገሩ የነበሩ የፓርቲው የኮንግረስ ሚኒስትሮች ሥልጣን ለቀቁ።

አልፈርድባቸውም። አንዴ እሳቱ ነክቷቸዋል። በ1918 ጋንዲ ራሱ ኬዳ አውራጃ ውስጥ መንደር ለመንደር እየዞረ ለእንግሊዝ ወታደር ሲመለምል ነበር። ቀደም ብሎ እዚያው በመራው ግብር ያለመክፈል ትግል ጋሪያቸውን በነፃ ይሰጡት የነበሩ ገበሬዎች ያኔ በኪራይም ነፈጉት። በእግሩ ኳተነ። በዓመቱ አምሪትሳር በምትባል የሕንድ ከተማ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ባዶ እጁን በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ አስተኮሰ። በመንግሥት ቆጠራ ብቻ 379 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ማን ያምናል?

መሪዎቹ እምቢ ቢሉም የገበሬው ልጅ ዘመተ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሆኑ። የባልደረባዬ አያት ከነዚያ አንዱ ነው።

በማግስቱ የኔህሩንና የሙሶሊኒን ነገር አጫወትኩት። እሱም አልሰማም ነበር። ዝም ብሎ ቆየና ስልኩን አውጥቶ የአያቱን ፎቶ አሳየኝ። ጺሙ ገና በቅጡ ያልሞላ ልጅ ነው።