ይድረስ ለመኪናዬ ቴፕ

ለ፦ ክቡር የመኪናዬ ቴፕ
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ሃርድ ዲስኬን እንዲያነቡልኝ በድጋሚ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ ከሥራ ስላናጠብኩዎት ይቅርታ። ለነገሩ ሰዓት ከማሳየት በቀር ሲሠሩ አይቼዎት አላውቅም። እሱንም ወደ ኋላ ይጎትቱታል።

ከባህር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያለ ዘፈን አይገፋም። የእኔ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከትዝታ እስከ እስክስታ፣ ከሠርግ ዘፈን እስከ መዝሙር የሌለው የለም። ሰካሁት። «ሪዲንግ» አሉኝ። ጎሽ፣ ማንበብ ጀመሩ ብዬ ተነሳሁ። የዓባይን ድልድይ ስሻገር ሪዲንግ። ዘንዘልማ፣ ሪዲንግ። ሐሙሲት፣ አሁንም ሪዲንግ። የቆሎ ተማሪ እንኳ እስከዚያ ዳዊቱን ይጨርስ ነበር። ወረታ ስደርስ ውሳኔዎን አሳወቁኝ፦ «ኖ ዲቫይስ»። ምንም የተሰካ ነገር የለም ማለትዎ ነው። ዕቃው እኮ አፍንጫዎ ሥር መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ነበር!

በኤሌክትሪኩ ጉዳይ አልፈርድብዎትም። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው። ውስጡ ሳህን የሚያሽከረክር ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሲነሳ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ካጠረው ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ዝም ይላል። እሺ፣ አቅም የለዎትም። ታዲያ «የለም» ከማለት «አልቻልኩም» ቢሉ ክብርዎ ይቀንስ ነበር? ሁለት ራስ ያለው ኬብል ገዛሁ። አንዱ ራስ ለእርስዎ፣ ሌላው ሲጋራ መለኮሻው ላይ ለሰካሁት ቻርጀር።

ቀጥሎ ፎርማቱ፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎችን የሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ አልጣመዎትም። ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ እርስዎ ፋት 32 ካልሆነ ዞር ብለው አያዩም። ፋት 32 እኮ በፈረንጆቹ 1996 ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣ ሽማግሌ ነው። 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም። ዊንዶውስ ራሱ በተለመደው መስኮቱ ከ32 ጊጋባይት የበለጠ ዲስክ ወደ ፋት 32 አልቀይርም ሲል ነው የኖረው። ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ፈልጌ፣ ያለኝን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ፣ ዲስኩን ባዶ አድርጌ፣ እንደገና ጫንኩት። በቢሮ ቋንቋ፣ የጎደለውን ማስረጃ አሟልቼ ቀረብኩ።

አነበቡም! አነባበብዎ ግን ጉድ ነው። የአማርኛውን ርዕስ ሁሉ ሳጥን በሳጥን አደረጉት። ተራውም በፊደል አይደለም፤ ዲስኩ ላይ ቀድሞ የገባ ይቀድማል። ቀድሞ የገባው ደግሞ ከስልኬ የገለበጥኩት ፎልደር ነው።

ከገጠር የመጡ አክስቴን ዓባይን ከላይ ላሳያቸው ወደ ቤዛዊት ስንወጣ «እስቲ መዝሙር ክፈትልኝ ልጄ» አሉኝ። ከእርስዎ የወጣው ግን የተቀዳ የስልክ ጥሪ ነበር። መኪናዋን ያሻሻጠኝ ደላላ!

«ቴፑ ብቻውን መኪና ያወጣል! የሰካህበትን ሁሉ ያነባል! በእናቴ!»

አክስቴ አዳምጠው አዳምጠው «ይሄ ሰባኪ የየት ደብር ነው?» አሉኝ። ለማሳለፍ ብጫን ወደሚቀጥለው ፋይል ሄዱ። እሱም ደላላው ነው። ስለ ጎማው።

በመሆኑም ከዛሬ ጀምሮ ዘፈን በ32 ጊጋባይት ፍላሽ እንዲቀርብልዎ ተወስኗል። ፍላሽ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ኤሌክትሪክም ብዙ አይበላም፤ በኮብልስቶን ላይ ብንንገጫገጭም አይደነግጥም። ሃርድ ዲስኩ ወደ ቤት ተዛውሯል። ደግሞ ፍላሹን «ኖ ዲቫይስ» ይበሉና እንተያያለን።

ከሠላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሲጋራ መለኮሻው፦ ላሳዩት ትብብር ምስጋና
ለደላላው፦ አክስቴ ስብከትዎን ስለወደዱት እንዲያውቁት