ማስተካከያ፦ የኤሊ እንቁላል ከተቀበረበት አይነሳ

የወንዝና የሐይቅ ኤሊዎችን እንቁላል ከቀበሮና ከመሰል አዳኞች ስለሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ባወጣነው ጽሑፍ፣ «እንቁላሉን አውጥቶ ሌላ ቦታ መቅበር ይሻላል» ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የኤሊ እንቁላል እንደ ዶሮ እንቁላል አይገላበጥም። በተጣለ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ፅንሱ ከቅርፊቱ የላይኛው ክፍል ጋር መጣበቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። በብዙ ዝርያዎች የጫጩቱን ጾታ የሚወስነውም የአፈሩ ሙቀት ነው። ስለዚህ ማዛወር የግድ ሲሆን እንኳ ፈቃድና ሥልጠና ላላቸው ሰዎች ይተው።

የሚሻለው እናቲቱ ጉድጓዱን ደፍና ወደ ውሃው ስትመለስ፣ በዚያው ዕለት፣ ከሽቦ ወንፊት የተሠራ ሳጥን ከላይ መድፋት ነው። አዳኞች ጉድጓዱን በማሽተት ስለሚያገኙት የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እጅግ አደገኛ ናቸው። እየቆፈሩ ከሥር እንዳይገቡ የሳጥኑ ጠርዝ አፈር ውስጥ ይቀበር። በጎኑ፣ ልክ ከመሬቱ ወለል ላይ፣ ጫጩቷ የምታልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ይተው፤ ይህ ከተረሳ የጠበቅናትን መልሰን አሰርናት ማለት ነው። ላስቲክ ማልበስም አይገባም፤ ሙቀቱን ይለውጠዋል።

«ቅጠል ሲረግፍ ሳጥኑ ይነሳ» ያልነውም ለሁሉም አይሠራም። የሰሜን አሜሪካዋ ባለቀለም ኤሊ ጫጩቶች ብዙውን ጊዜ ከተፈለፈሉ በኋላ የብርዱን ወራት እዚያው አፈር ውስጥ አሳልፈው የሚወጡት በጸደይ ነው።