የሐረማያ ሐይቅ ዳርቻ ለእግር ይተውልን

እሑድ ጠዋት ከሐረር ሚኒባስ ይዤ፣ አወዳይን አልፌ፣ ሐረማያ ሐይቅ ዳር እወርዳለሁ። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የቀረው በእግር ነው። ከሰዓት በኋላ አይሆንም፤ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ ሰዉም ለበርጫ ይቀመጣል። ጠዋት ግን ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። ሽመላዎች ዳር ዳሩን ቆመዋል። በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው የድንችና የሽንኩርት መደብ፣ ከበላይ ጋራው ላይ በእርከን የወጣ ጫት። ሴቶች ካሮቱን ከነቅጠሉ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ያሹታል። ጭቃው ሲለቅ ክምሩ እየቀላ ይመጣል። አህያዎቹ ጭነቱን ቆመው ይጠብቃሉ። አቦ፣ ከዚህ የተሻለ የእሑድ ጠዋት የት ይገኛል?

ይህ ዳርቻ ዙሪያውን በእግር የሚኬድበት እንዲሆን ነው የምጠይቀው። አስፋልት አልልም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ የአፈር መንገድ፣ ጎርፍ በሸረሸረው ቦታ ጥቂት የድንጋይ ደረጃ፣ እዚህም እዚያም የሚያስጠልል ዛፍ። በቃ።

ሐይቁን የምናውቀው ሰዎች አንድ ጊዜ ቀብረነዋል። ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ የምትጠጣው ከዚህ ነበር። እዚሁ ተጣርቶ በቧንቧ ይላክልን ነበር። ያኔ ጥልቅ በሆነው ቦታ 8 ሜትር ያህል ውሃ ነበረው። ከዚያ ከተማው ሳበ፣ ገበሬው በፓምፕ ለጫትና ለአትክልት ሳበ። ከተራቆቱት ጋራዎች የሚወርደው ደለል ደግሞ ከታች ሞላው። ጥልቀቱ ባነሰ ቁጥር ፀሐይ የምትወስደው በዛ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጨርሶ ደረቀ። እኔም ሐይቁ በነበረበት መሬት ላይ ተራምጄበታለሁ። ጭቃው ተሰነጣጥቆ ከብት ይግጥበት ነበር፤ ገበሬዎች እዚያው ጉድጓድ ቆፍረው ያጠጡ ነበር። ሐረር ውስጥ ደግሞ ጀሪካን ይዞ ቦቴ መጠበቅ ምን እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ዛሬ ውሃችን የሚመጣው ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፣ ከድሬዳዋ ቆላ ነው፤ ያንን ሁሉ ዳገት በፓምፕ እየተገፋ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሐይቁ ተመለሰ። ዝናቡ ረዳ፤ በተፋሰሱ ላይ የተሠራው እርከንና የተተከለው ችግኝም ረዳ። ድሬዳዋ ወርዶ የሚመለስ መንገደኛ ሁሉ በመስኮት አይቶ «ውሃው መጣ!» ሲል ሰምቻለሁ። ደስ ይላል። ግን ከመኪና መስኮት የሚታየው መሀሉ ነው። ሐይቅ መሸሽ የሚጀምረው ደግሞ ከዳር ነው። ዳሩን የሚያይ በእግሩ የሄደ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ እዚያው ዳር መሬት ያላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «ኦቦ፣ ውሃው ቀንሷል ወይስ ለእኔ መስሎኝ ነው?» አልኳቸው። በበትራቸው አንድ ጥቁር ድንጋይ አሳዩኝ። «ክረምቱ ሲወጣ እዚህች ድረስ ነበር። አንተ ቁጠረው» አሉኝ። ከድንጋዩ እስከ ውሃው ቆጠርኩ፤ 11 እርምጃ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር እቆጥራለሁ። ብዙ ሰው ቢመላለስ ብዙ ቆጣሪ ይኖር ነበር። አዲስ ፓምፕ ሲተከል፣ ጎርፉ አዲስ ደለል ሲያመጣ፣ የላስቲክ ቆሻሻ ሲጣል ቶሎ ይታይ ነበር።

«ገበሬው የት ይሂድ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ገበሬውን ማንሳት አይደለም። ከዚህ የሚወጣው ድንችና አትክልት እስከ ጅቡቲ ይሄዳል፤ የስንት ቤት እንጀራ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት በቅድሚያ ይጠየቅ፣ ለሚለቀው ይካስ። እኔ የምፈራው የማይንቀሳቀሰውን አጥርና ግንብ ነው። ሐይቅ አገግሞ ቆንጆ ሲሆን ዳሩ ላይ መዝናኛ ለመገንባት የሚጣደፍ አይጠፋም። አንዴ በቆርቆሮ ከታጠረ ዳሩ ለከፈለ ብቻ ይሆናል። ከብት የሚያጠጣው ልጅም፣ ካሮት የሚያጥቡት ሴቶችም፣ ከሐረር የመጣነውም ውጭ እንቀራለን።

ሰው ደግሞ አለን። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሐይቁ አጠገብ ነው፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ እርሻ ሲያስተምር የኖረ ቤት ነው። አንድ እሑድ ተማሪዎቹ ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ዙሪያውን ሄደው መንገዱን በካስማ ቢያመለክቱት ግማሹ ሥራ አለቀ። የሐረር ወጣቶችም ጀጎልን ለእንግዳ እያዞሩ የሚያሳዩ ናቸው። አምስቱን በር ያየ እንግዳ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ቢወጣ ምን ይከብዳል?

ባለፈው የሄድኩ ጊዜ እንደ ልማዴ ከጥቁሩ ድንጋይ ጀመርኩ። 23 ላይ ስደርስ ትኩስ የእሾህ አጥር ገጠመኝ፤ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ከአጥሩ ወዲያ ውሃው ይታያል። ስንት እርምጃ እንደቀረው ግን መቁጠር አልቻልኩም።