800 ብር ነው ብለውኝ

ቅዳሜ ቦሌ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ጓደኛዬን ምሳ ጋበዝኩት። ሜኑው ላይ ጥብስ 400 ብር ይላል። ሁለት ጥብስ 800። ኪሴ ውስጥ 1,000 ብር አለ። ደረቴን ነፍቼ "ዛሬ በኔ ነው" አልኩ።

ሂሳቡ መጣ፦ 1,012 ብር!

ጥብሱ 800። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮበት 880። ከዚያ 15 በመቶ ቫት፣ 132 ብር። ልብ በሉ፣ ቫቱ የተሰላው ሰርቪሱም ላይ ነው። ጋባዡ ከተጋባዡ 12 ብር ተበደርኩ። እሱ ደግሞ ሳቁን መያዝ አቅቶታል።

አስተናጋጇን ስጠይቃት ሜኑውን ገልብጣ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ አሳየችኝ። ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ፦ "ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅን አይጨምርም።" እሷስ ምን ታድርግ።

ግብር አልከፍልም አላልኩም። ግን ቫት እኮ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ባለቤቱ ስንት እንደሚያስከፍለኝ ከኔ በላይ ያውቃል። ታዲያ 506 ብሎ መጻፍ ምን ይከብደዋል? ገበያ እንዳይሸሽ ነዋ! 400 ሲባል እንገባለና።

አሜሪካም ዋጋ የሚለጠፈው ያለ ታክስ ነው የሚሉኝ አሉ። እዚያ እኮ ታክሱ ከስቴት ስቴት፣ ከከተማ ከተማ ይለያያል። እኛ ጋ ቦሌም ሆነ ባሕር ዳር ያው 15 ነው!

12 ብሯን ማታ በቴሌብር ላክሁለት። "ሰርቪስ ቻርጁስ?" ብሎ መለሰልኝ።