ጎማ ለምትዋዋሱ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ሲደርስ ስልካችን መጮህ ይጀምራል። «ጎማህን ለግማሽ ቀን አውሰኝ።» «የፋብሪካው የጭስ ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ አንተ ጋ አለ አይደል? ቦሎዬን ለጥፌ ማታ እመልስልሃለሁ።» ጃንጥላ የምንዋዋስ ነው የምንመስለው።

ዛሬ የምገሥጸው ተዋሹን ብቻ አይደለም። ተዋሹማ ቢያንስ «ቸግሮኝ ነው» ይላል። እኔን የሚያበሽቀኝ አዋሹ ነው፤ አንዱ አዋሽ ደግሞ እኔው ነበርኩ።

አንድ የምርመራ ቀን ጠዋት የእኔን ጎማ ልንገጥምለት የወዳጄን መኪና በክሪክ እያነሣን አራቱንም ጎማ ፈታን። የእሱን አንዱን ተቀብዬ መሬት ላይ ሳጋድመው ጣቴን ወጋኝ። ከውጭ ሲያዩት ጥርስ አለው፤ በውስጥ ጠርዙ በኩል ግን ላስቲኩ አልቆ ሽቦው ወጥቷል። መኪናው ዝቅ እንዲል ሞላውን አስቆርጦት ስለነበር ጎማው ዘሞ ሲበላ የከረመው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ደሜን በጨርቅ ጠረግኩና «ቶሎ በል፣ ሰልፍ ይበዛብሃል» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጎማ መልሰን ስንገጥም የጎማውን ማሰሪያ ዳዶ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ማታ ልጆቹን ጭኖ ሄደ። በሰላም ገቡ። በሰላም መግባታቸው ግን የእኔ ሥራ አልነበረም።

ብዙ አገሮች የጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይሆን የሚከለክሉት ለወግ አይደለም። በጥርሱ መካከል ያለው ቦይ የውኃ መውጫ ነው። ቦዩ ሲጠፋ ውኃው ከጎማው ሥር መሄጃ ያጣል፤ መኪናው አስፋልቱን ለቆ ይንሳፈፋል፤ መሪው እጃችሁ ላይ ቅልል ይላል፤ ፍሬን ብትረግጡ የሚይዝላችሁ የለም። ያውም በደረቅ መንገድ እንኳ ፍጥነታችሁ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ ፍሬን ከያዘ በኋላ እስክትቆሙ የምትሄዱት ርቀት ወደ አራት እጥፍ ግድም ይደርሳል። የተቆረጠ ሞላም እንዲሁ ነው። ጫፉ መቀመጫው ላይ ልክ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራን ነገር ቆርጣችሁት፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ከቦታው ቢወጣ ምን ይገርማል?

መኪና ማሳመርን አልጠላም፤ እኔም እወዳለሁ። ሠርታችሁ ያሻሻላችሁትን ግን እንዳለ ይዛችሁ ቅረቡ። የምትደብቁት ከሆነ ደኅና አለመሆኑን እናንተው ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

«ምርመራው ራሱ ለይስሙላ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን እንበል፤ ይስሙላ ያደረገው ማን ሆነና! መርማሪው የግራና የቀኝ ፍሬኑን አመዛዝኖ፣ መብራቱን አይቶ፣ ከሥር ገብቶ የመሪውን መገጣጠሚያ ቴስቲና ነቅንቆ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ የመሰከረው ጠዋት ለቀረበው መኪና ነው። ማታ ያ መኪና የለም፤ ወረቀቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ነገ ያንን መኪና የሚገዛው ሰው ምስክሩን አምኖ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው። አጠገባችሁ የሚሄደው እግረኛማ ወረቀቱን እንኳ አላየም።

ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተፈትቶ የታሰረ ጎማ! ጎማ ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዳዶው እንደገና መጥበቅ አለበት። ሹልክ ብሎ ለማለፍ የሚጣደፍ ሰው ይህን ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

ወዳጄ በዓመቱ መልሶ ደወለ። «ጎማዬን አላውስህም፤ የአንተን ግን ና አብረን እንየው፣ መግዣው ካጠረህም እሞላልሃለሁ» አልኩት። ተቆጣ፤ ሦስት ወር አኮረፈኝ። ምርመራውን ከሌላ ሰው ጎማ ተውሶ ማለፉን በኋላ ሰማሁ።

ያ ሌላ ሰው ከእናንተ አንዱ ነው።