የልባችንን ቁጥር የትኛው ማሽን እንደለካው ይጻፍልን

የልብ ሲቲ ስካን ውጤታችሁ ላይ «የካልሲየም ስኮር 118» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ (በልብ ደም ሥሮች ላይ የተጠራቀመው ካልሲየም መጠን ማለት ነው)፣ ያ ቁጥር የልባችሁ ብቻ አይደለም። የማሽኑም እጅ አለበት። በተለይ ዲቴክተር የምንለው፣ በሰውነታችን አልፎ የመጣውን ራጅ የሚቀበለው ክፍል ቁጥሩን ወዲህም ወዲያም ሊጎትተው ይችላል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በምስል ምርመራ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። ይህን ጉዳይ ታካሚውም ሐኪሙም እንዲያውቀው አጥብቄ እፈልጋለሁ።

በቅርቡ አንድ የሽንብጥ ሰፈር አባት ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። አንዱ አዲስ አበባ የተነሱት ነው። ሌላው ልጃቸውን ለመጠየቅ ውጭ አገር ሄደው የተነሱት። የመጀመሪያው 118 ይላል፣ ሁለተኛው 91። ፊታቸው በርቷል።

«ከመቶ በታች ወርጃለሁ እኮ! ይሄን ክኒን ብተወውስ?»

«ጋሼ፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ እንዳያቋርጡት» አልኳቸው።

ክኒኑ ስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው። ስታቲን የድንገተኛ የልብ ሕመምን አደጋ ይቀንሳል፤ የካልሲየም ስኮርን ግን አይቀንስም። እንዲያውም የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ያለው ስብ ሲጠነክር ስኮሩ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ 118 ወደ 91 የወረደው ልባቸው ስለዳነ ነው ለማለት አይቻልም። በምን ማሽን እንደተነሱ ለማየት ወረቀቶቹን አገላበጥኳቸው። አንዱም ላይ አልተጻፈም።

ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው። የካልሲየም ስኮርን እነ አርተር አጋትስተን እ.ኤ.አ. በ1990 ነው ያወጡት። ያኔ የተጠቀሙበት ኤሌክትሮን ቢም የሚባል የሲቲ ዓይነት ዛሬ ከሥራ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ስሌቱ ግን እስካሁን አለ። ልቡ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ይታያል። ሲቲ ድምቀትን በሚለካበት የሃውንስፊልድ መለኪያ ውሃ 0 ነው፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000። የልብ ደም ሥር ላይ 130 እና ከዚያ በላይ የደመቀ ነገር ካልሲየም ተብሎ ይያዛል። ከዚያ ስፋቱ ይባዛል። ከፍተኛው ድምቀት ከ200 በታች ከሆነ በ1፣ ከ200 እስከ 299 ከሆነ በ2፣ ከ300 እስከ 399 በ3፣ ከዚያ በላይ በ4።

አሁን አንዲት 10 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነች የካልሲየም ነጥብ እንውሰድ። አንዱ ማሽን ድምቀቷን 198 ብሎ ቢያነብ፣ ነጥቧ ለስኮሩ 10 ታዋጣለች። ሌላው 202 ብሎ ቢያነብ 20 ታዋጣለች። የ4 ሃውንስፊልድ ልዩነት ድርሻዋን እጥፍ አደረገው። ልቡ ያው ልብ፣ ሰውየው ያው ሰውዬ። 4 ሃውንስፊልድ ደግሞ በሁለት ማሽኖች መካከል ብርቅ ልዩነት አይደለም።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? የራጅ ቱቦው ኪሎ ቮልት አለ፣ ምስሉ የሚቀናበርበት ፊልተር አለ፣ የታካሚው ውፍረት አለ። ትልቁ አዲስ ነገር ግን ዲቴክተሩ ነው። በአብዛኛው ሆስፒታል ያለው የተለመደው ዲቴክተር ራጁን መጀመሪያ ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። የመጣውን ጉልበት በጅምላ ይደምራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕክምና አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የሲመንስ ኔኦቶም አልፋ ግን ፎቶን ቆጣሪ የሚባለውን ዲቴክተር ይዞ መጣ። ይህኛው ካድሚየም ቴሉራይድ ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። በመሃል ብርሃን የለም። እያንዳንዱን ፎቶን፣ ማለትም የራጅ ቅንጣት፣ በቀጥታ ይቆጥራል፣ ጉልበቱንም እየለየ ይመዘግባል። የዘጌ ቡናን በከረጢት መዝኖ ይህን ያህል ኪሎ ነው በማለትና ፍሬ በፍሬ ቆጥሮ ትልቁን ከትንሹ በመለየት መካከል ያለ ልዩነት ማለት ነው።

ይህ ለልብ ምን ይጠቅማል? አንደኛ ነገር፣ ከራሱ ከኤሌክትሮኒክሱ የሚመጣውና ምስሉን የሚያበላሸው ጫጫታ እንደ ፎቶን አይቆጠርም። ወፈር ባለ ታካሚ ላይ ጫጫታው ብቻውን 130ን አልፎ ካልሲየም መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ያ ይቀንሳል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ካልሲየም በተለመደው ዲቴክተር ሲታይ ከመጠኑ በላይ አብጦ ይታያል። የልብ ደም ሥር ደግሞ ቀጭን ነው። ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሥር እንውሰድና ክፍት የቀረው 1.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጥበቱ 40 በመቶ ነው፤ ቀላል ከሚባለው ይመደባል። ያበጠው ካልሲየም ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሸፍንብን ክፍቱ 1.3 ይመስላል። ጥበቱ 57 በመቶ ገደማ ሆነ። መካከለኛ ተባለ። በ0.2 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ማሳየት የሚችለው አዲሱ ዲቴክተር ይህን እብጠት ብዙ ይቀንሰዋል።

40 እና 57 ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ለአንድ የደራ ገበሬ ግን ካቴተር (ወደ ልብ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ወዳለበት ሆስፒታል ሂድ መባልና አለመባል ነው። ይህ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ማለት ነው። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ አስታማሚው፣ የሚሸጠው በሬ አለ። ለዚህ ነው ነገሩ የፊዚክስ ጨዋታ ብቻ ሆኖ የማይታየኝ።

አዲሱ ዲቴክተርም እንከን አለበት። ፎቶኖች በብዛት ሲመጡ ይደራረቡበታል፣ አንዱ ፎቶን ለሁለት ጎረቤት ነጥቦች ሊከፋፈልበት ይችላል። ደግሞም በየትኛው የጉልበት ደረጃ ምስሉ እንደተቀናበረ ስኮሩ ይለዋወጣል። ስለዚህ «አዲሱ ያለው እውነት፣ የድሮው ያለው ውሸት» ማለቴ አይደለም። የተለመደው ባለ 64 ስላይስ ማሽን በደንብ ከተያዘ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በደንብ መያዝ ስል ደግሞ ዲቴክተሩ ሙቀት ይወዳል ይጠላል የሚባለውን ሁሉ ማለቴ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኤሲው ክፍሉን እስኪያቀዘቅዝ፣ ቱቦው እስኪሞቅ፣ የአየር ካሊብሬሽኑ (ማሽኑ በባዶ አየር ራሱን የሚያስተካክልበት) እስኪያልቅ መታገስ አለብን። ወረፋው በሩ ላይ ሲጮህ ይህን መዝለል ያጓጓል። አንዝለለው። ማሽኑ የውሃ ፋንተሙን (ለፍተሻ የሚነሳውን ውሃ የተሞላ ዕቃ) 0 አካባቢ ካላነበበ፣ ከዚያ በኋላ የምናወጣው የልብ ቁጥር ሁሉ ይጠረጠራል።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። በልብ ሲቲ ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ የማሽኑ ሞዴልና የዲቴክተሩ ዓይነት፣ ኪሎ ቮልቱ፣ የቁራጩ ውፍረት፣ ምስሉ የተቀናበረበት ፊልተር። አብዛኛው መረጃ ከምስሉ ፋይል ጋር አብሮ ተቀምጧል። መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው። የባሕር ዳር ሆስፒታሎች ይህን በሪፖርት ቅጻቸው ላይ ቢያስገቡ፣ ታካሚው ጎንደርም ሄደ አዲስ አበባ፣ ተቀባዩ ሐኪም ምኑን ከምኑ እንደሚያወዳድር ያውቃል።

ታካሚዎችም ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ሲዲውን ጠይቁ። ፊልሙ ላይ የሚታየው ጥቂት የተመረጠ ምስል ነው፤ ሲዲው ላይ ግን ሙሉው አለ፣ ሌላ ባለሙያ እንደገና ሊለካው ይችላል። ከተቻለ ደግሞ ለክትትል ወደ መጀመሪያው ማሽን ተመለሱ። ካልተቻለ «ያለፈው በሌላ ማሽን ነው የተነሳሁት» ብላችሁ ገና ከመነሳታችሁ በፊት ለባለሙያው ንገሩት።